የሐኪሞች የሥራ ዝለት

የሐኪሞች የሥራ ዝለት ለረጅም ጊዜ ከቆየና መፍትሔ ካላገኘ የሥራ ጫና የተነሣ በሐኪሞች ላይ የሚደርስ የአካል፣ የስሜትና የአስተሳሰብ ድካም ነው። በርንአውት በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙም ይታወቃል። ከተራ ድካም የሚለየው በእረፍት ብቻ የማይለቅ በመሆኑ ነው። ዝለት የደረሰበት ሐኪም ጠዋት ሲነሣም ደክሞት ይነሣል፤ ለታካሚዎቹ የነበረው ርኅራኄ ይቀዘቅዛል፤ የሚሠራው ሥራም ፋይዳ ያለው መስሎ አይታየውም።

ችግሩ ለረጅም ዘመን የግለሰቡ ድክመት ወይም የጽናት ማነስ ተደርጎ ይታይ ነበር። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ግን ዋናው ምንጭ የሥራው አደረጃጀት መሆኑን ያመለክታሉ። እነርሱም የሰዓቱ ርዝመት፣ የሰው ኃይል እጥረት፣ የመዝገብ ሥራ ብዛት፣ የአለቆች አያያዝና ሐኪሙ በገዛ ሥራው ላይ ያለው የመወሰን አቅም ናቸው። ስለዚህ የሐኪሞችን ደኅንነት ለማሻሻል የሚደረጉ ጥረቶች ሐኪሙን ከማጠንከር ባሻገር ሥራውን ወደ መለወጥ እያዘነበሉ መጥተዋል።

ስያሜና ትርጉም

የእንግሊዝኛው ቃል ጥሬ ትርጉም ነድዶ ማለቅ ነው። በሥራ ምክንያት ለሚመጣ ዝለት መጠሪያ አድርገው በሙያ ጽሑፍ ካስተዋወቁት መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሱት ጀርመን የተወለዱት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በነጻ ሕክምና ክሊኒኮች ውስጥ በከፍተኛ ፍላጎት ሥራ የጀመሩ ሰዎች ከጊዜ በኋላ እንዴት እንደሚዝሉ፣ እንደሚነጫነጩና ተስፋ እንደሚቆርጡ ገልጸዋል። ከሁሉ በፊት የሚነድዱት ለሥራቸው ይበልጥ የተሰጡት መሆናቸውንም አስተውለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሥራ ዝለትን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ውስጥ አካትቶታል። ይሁን እንጂ ያስቀመጠው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር እንደተያያዘ ክስተት ነው። በድርጅቱ ትርጉም ዝለት በሥራ ቦታ ከሚፈጠርና በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ ውጥረት የሚመጣ ሲሆን፣ ቃሉ ከሥራ ውጪ ላሉ የሕይወት ሁኔታዎች አይውልም።

ዝለት ከድባቴ ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ዝለት በዋናነት ከሥራ ጋር የተቆራኘ ሲሆን፣ ድባቴ መላ ሕይወትን የሚያዳርስና የራሱ ምርመራና ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና በስፔሻላይዜሽን ሥልጠና ላይ ካሉ ሬዚደንት ሐኪሞች መካከል 28.8 በመቶ ያህሉ ድባቴ ወይም የድባቴ ምልክቶች እንዳሉባቸው አሳይቷል። ስለዚህ «ሥራ ስለበዛብኝ ነው» በሚል ብቻ የሚታለፍ ምልክት በጊዜ መታከም ያለበት ሕመም ሊሆን ይችላል።

አለካክ

በስፋት ጥቅም ላይ የሚውለው መለኪያ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡት መጠይቅ ነው። መጠይቁ 22 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ መልስ ሰጪው እያንዳንዱ ስሜት ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰማው ከ«ፈጽሞ» እስከ «በየቀኑ» ባለው እርከን ያመለክታል። መጠይቁ ሦስት ነገሮችን ይለካል።

የስሜት መሟጠጥ፦ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ምንም የቀረ ነገር እንደሌለ መሰማት።

ታካሚን እንደ ሰው አለማየት፦ ታካሚውን በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ ወይም በበሽታው ብቻ ማሰብ፣ መነጫነጭ፣ በሰው ችግር ማላገጥ።

የውጤታማነት ስሜት መቀነስ፦ ሥራው ምንም ለውጥ አያመጣም የሚል እምነት።

ከሦስቱ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በሰዎች ዘንድ እንደ ክፉ ጠባይ ይቆጠራል። ተመራማሪዎች ግን የተሟጠጠ ሰው ራሱን ከተጨማሪ ሕመም ለመከላከል የሚያቆመው አጥር አድርገው ያዩታል።

ስፋት

በአሜሪካ የሐኪሞች ዝለት በተመሳሳይ መንገድ በየጊዜው ሲለካ ቆይቷል። በሐኪሙ ታይት ሻናፌልትና ባልደረቦቻቸው ጥናቶች መሠረት ቢያንስ አንድ የዝለት ምልክት ያላቸው ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 45.5 በመቶ፣ በ2014 54.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 43.9 በመቶ ነበሩ። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት በ2021 መጠኑ ወደ 62.8 በመቶ አሻቅቦ፣ በ2023 ወደ 45.2 በመቶ ወርዷል። በአሥር ዓመት ውስጥ የሐኪሞቹ ጠባይ በዚህ ፍጥነት ሊወጣና ሊወርድ ስለማይችል፣ ይህ መዋዠቅ ራሱ መንስኤው በአብዛኛው በሥራው ሁኔታ ውስጥ እንዳለ ይጠቁማል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ቁርጥ ያለ አኃዝ መስጠት ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትንተና ከ45 አገሮች የተገኙ 182 ጥናቶችን መርምሮ፣ የተመዘገበው የዝለት መጠን ከ0 እስከ 80.5 በመቶ እንደሚለያይ አግኝቷል። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ጥናቶቹ ቢያንስ 142 የተለያዩ የዝለት መሥፈርቶችን መጠቀማቸው ነው።

መንስኤዎች

ማስላክና ማይክል ላይተር ሰውና ሥራው የማይጣጣሙባቸውን ስድስት መስኮች ለይተዋል፦ የሥራ ብዛት፣ የመወሰን አቅም፣ ምስጋናና ክፍያ፣ የሥራ ባልደረቦች ግንኙነት፣ ፍትሐዊነት እና የሞራል እሴት። በሐኪሞች ሕይወት እነዚህ መስኮች በሚከተሉት መልኮች ይታያሉ።

ረጅም ሰዓትና አዳር። በብዙ አገሮች አንድ ሬዚደንት የቀን ሥራውን ጨርሶ አዳር ተረኛ ይሆናል፤ በማግሥቱም ታካሚዎችን ዞሮ ማየት ይቀጥላል። እንቅልፍ ማጣት ትኩረትንና የማስታወስ ችሎታን ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ኢንተርኖች ከተራዘመ ተራ በኋላ መኪና ሲያሽከረክሩ የመጋጨት ዕድላቸው ከአጭር ተራ በኋላ ካለው ከእጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል።

የመዝገብና የኮምፒውተር ሥራ። የታካሚ መረጃ ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር ከተዛወረ በኋላ ሐኪሞች ለመሙላት የሚገደዱት ነገር በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ 57 ሐኪሞችን በመከታተል የተደረገ ጥናት ሐኪሙ ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ በኮምፒውተርና በጠረጴዛ ሥራ ላይ እንደሚያጠፋ አግኝቷል። ከዚህም ሌላ ቤት ከገባ በኋላ በየምሽቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይሠራ ነበር።

የመወሰን አቅም ማጣት። የቀጠሮው ርዝመት፣ የታካሚው ብዛትና የተራው ድልድል ሐኪሙ ሳይጠየቅ ሲወሰን ጫናው ይከብዳል። በአንጻሩ ትርጉም በሚሰጠው ሥራ ላይ የሚውል ጥቂት ጊዜ እንኳ ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአንድ የትምህርት ሆስፒታል ሐኪሞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እጅግ ለሚወዱት የሥራ ዘርፍ ከጊዜያቸው 20 በመቶ በታች ከሚሰጡት መካከል 53.8 በመቶው ዝለት ነበረባቸው፤ ከዚያ በላይ በሚሰጡት ዘንድ ግን 29.9 በመቶ ነበር። 20 በመቶ ማለት በሳምንት አንድ የሥራ ቀን ያህል ነው።

የኅሊና ቁስል። ሐኪሙ ለታካሚው የሚበጀውን እያወቀ፣ መድኃኒት፣ መሣሪያ፣ አልጋ ወይም ገንዘብ ባለመኖሩ ሊያደርግለት ሳይችል ሲቀር የሚደርስበት የሞራል ጉዳት ነው። ሐሳቡ የመጣው ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችን ካጠኑ ባለሙያዎች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሐኪሞቹ ሳይመን ታልቦትና ዌንዲ ዲን ለሐኪሞች ተጠቅመውበታል። እነርሱ እንደሚሉት «ዝለት» የሚለው ቃል ጥፋቱን ወደ ሐኪሙ ስለሚያዞር የችግሩን ምንጭ ይሸፍናል።

የሙያው ባህል። የሕክምና ትምህርት መቻልን ያስተምራል። ታምሞ ሥራ መግባት እንደ ታማኝነት፣ እርዳታ መጠየቅ ደግሞ እንደ ድክመት ይታያል። ይህ ልማድ ከትልቁ ሐኪም ወደ ሬዚደንት፣ ከሬዚደንት ወደ ኢንተርን ይወርሳል።

የሚያስከትለው ጉዳት

የሐኪም ዝለት ጉዳቱ በሐኪሙ ብቻ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የብዙ ጥናቶች ትንተና በሐኪሞች ላይ የሚታይ ዝለት የታካሚን ደኅንነት ከሚጎዱ ክስተቶች ጋር በእጥፍ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ የዛለ ሐኪም ይሳሳታል፣ የተሳሳተ ሐኪምም በጸጸት ይበልጥ ይዝላል።

ሐኪሞች ሥራ ሲለቁ ወይም ሰዓታቸውን ሲቀንሱ ታካሚ የሚያውቀውን ሐኪም ያጣል፤ በሥራ ላይ የቀሩትም የሌሎቹን ድርሻ ይሸከማሉ። በአሜሪካ ከሐኪሞች መልቀቅና ከሥራ ሰዓት መቀነስ ጋር ብቻ የተያያዘው ኪሳራ በዓመት 4.6 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ2019 ተገምቷል።

የሥራ ሰዓት ገደብ

የሐኪሞችን ሰዓት በሕግ የመገደብ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከሊቢ ዛዮን ሞት ጋር ይያያዛል። የ18 ዓመቷ የኮሌጅ ተማሪ ሊቢ እ.ኤ.አ. በማርች 1984 በትኩሳትና በመንቀጥቀጥ ወደ አንድ የኒው ዮርክ ሆስፒታል ገብታ በሰዓታት ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ሲያክሟት የነበሩት በሥልጠና ላይ ያሉና ረጅም ሰዓት የሚሠሩ ሐኪሞች ነበሩ። የጋዜጠኛና ጠበቃ አባቷ ክስና ዘመቻ ጉዳዩን የሕዝብ መነጋገሪያ አደረገው። በኋላም በሐኪሙ በርትራንድ ቤል የተመራ ኮሚቴ ባቀረበው ምክር መሠረት የኒው ዮርክ ግዛት ከ1989 ጀምሮ የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት፣ ያለማቋረጥ ደግሞ 24 ሰዓት አካባቢ ላይ ገደበው። የ80 ሰዓቱ ገደብ በ2003 በመላው አሜሪካ ተግባራዊ ሆነ።

በአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት መመሪያ መሠረት ገደቡ በአማካይ በሳምንት 48 ሰዓት ሲሆን፣ በሥልጠና ላይ ላሉ ሐኪሞች ከ2004 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። በእንግሊዝ በ2016 በወጣው የወጣት ሐኪሞች ውል ደግሞ ተቋማት የሥራ ሰዓት ደኅንነት ጠባቂ የሚባል ኃላፊ እንዲሾሙ ተደርጓል። ሐኪሙ ከተመደበለት ሰዓት በላይ ሲሠራ ሪፖርት ያስገባል፤ ዋና ዋና ገደቦች ሲጣሱም ጠባቂው ቅጣት ሊጥል ይችላል።

ሰዓት መቀነስ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረገ ጥናት ኢንተርኖች በተለመደው ረጅም ተራ ሲሠሩ፣ ተራው ካጠረው ይልቅ 36 በመቶ የበለጡ ከባድ ስሕተቶች እንደሚፈጽሙ አገኘ። በሌላ በኩል በ2016 ይፋ የሆነ ትልቅ የቀዶ ሕክምና ጥናት ጥብቅ የሰዓት ደንብ ያላቸው ሆስፒታሎች ደንቡ ከላላላቸው የተሻለ የታካሚ ውጤት እንዳላሳዩ ገልጿል። አሜሪካ በ2011 ለመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኞች ያወጣችው የ16 ሰዓት ገደብም በ2017 ተነሥቷል።

ከምክንያቶቹ አንዱ ተራ ባጠረ ቁጥር ርክክብ መብዛቱ ነው፤ በርክክብ ጊዜ ደግሞ መረጃ ይጠፋል። በ2014 በዘጠኝ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ግን የርክክቡ አነጋገር ቅደም ተከተል ሲበጅለት የሕክምና ስሕተቶች በ23 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። የሰዓት ገደብ ውጤት የሚሰጠው እንዲህ ካለ የአሠራር ለውጥና በቂ የሰው ኃይል ጋር ሲሄድ ነው።

መከላከያና መፍትሔዎች

እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ትንተና 15 በዕጣ የተመደቡ ሙከራዎችንና 37 ሌሎች ጥናቶችን አጠቃልሎ፣ የተለያዩ እርምጃዎች የዝለትን መጠን ከ54 ወደ 44 በመቶ እንዳወረዱ አግኝቷል። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ትንተና ደግሞ ሥራውን የሚለውጡ እርምጃዎች ሐኪሙን ብቻ ከሚያሠለጥኑት የበለጠ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል።

በግለሰብ ደረጃ የሚደረጉት እንቅልፍን ማስተካከል፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የተመስጦ ልምምድ፣ የውጥረት አያያዝ ሥልጠናና የሙያ ምክር ናቸው። መጠነኛ ጥቅም እንዳላቸው የተረጋገጠ ቢሆንም፣ ከእረፍት ሰዓት ላይ ተቀንሰው ሲሰጡ ራሳቸው ተጨማሪ ሸክም ይሆናሉ። ማዮ ክሊኒክ በተባለው የአሜሪካ ተቋም የተደረገ ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። 74 ሐኪሞች የተሳተፉበት ሲሆን፣ ግማሾቹ ለዘጠኝ ወር በየሁለት ሳምንቱ በትንንሽ ቡድን እየተገናኙ ስለ ሥራቸው ይነጋገሩ ነበር፤ ተቋሙም ለዚህ ከሥራ ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ሰጥቷቸዋል። ታካሚን እንደ ሰው ያለማየት ስሜታቸው ቀነሰ፤ ለውጡም ስብሰባው ካበቃ ከ12 ወር በኋላ አልጠፋም።

በሥራ ቦታ ደረጃ ቀላል የሚመስሉ ለውጦችም ብዙ ጊዜ ይቆጥባሉ። በሃዋይ የሚገኝ አንድ የሆስፒታሎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 «የማይረባውን ማስወገድ» የሚል ትርጉም ባለው ዘመቻ፣ ሠራተኞቹ ከኮምፒውተር መዝገቡ ውስጥ ጥቅም የለውም የሚሉትን ሁሉ እንዲጠቁሙ ጠየቀ። ነርሶች በየሰዓቱ ታካሚውን ማየታቸውን ለማረጋገጥ የሚጫኑት አንድ ምልክት ብቻ ሲነሣ በአራት ሆስፒታሎች በወር 1,700 ገደማ የነርስ ሰዓት ተርፏል። ሌሎች ተቋማት መዝጋቢ ረዳት ይቀጥራሉ፤ በቅርብ ዓመታትም የሐኪሙንና የታካሚውን ንግግር አዳምጦ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀም ጀምረዋል።

የቅርብ አለቃም ሚና ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የማዮ ክሊኒክ ጥናት ሐኪሞች የቅርብ ኃላፊያቸውን በ60 ነጥብ ሲመዝኑ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ነጥብ የዝለት ዕድል በ3.3 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ከመመዘኛዎቹ መካከል ኃላፊው ሐሳባቸውን መጠየቁ፣ መረጃ ማካፈሉና ሲሠሩ ማመስገኑ ይገኙበታል። ሻናፌልት በ2017 በስታንፎርድ ዋና የደኅንነት ኃላፊ ሆነው ከተሾሙ በኋላ ብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተመሳሳይ ኃላፊነት አቋቁመዋል።

ለታመሙ ሐኪሞች የሚሰጥ ልዩ አገልግሎትም አለ። በኖርዌይ ሐኪሞች ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት ምክር የሚያገኙበት ማዕከል አለ። ማዕከሉን የጎበኙ ሐኪሞች ከዓመት በኋላ ሲጠየቁ የስሜት መሟጠጣቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ ሙሉ የሕመም ፈቃድ ላይ የነበሩትም ከ35 ወደ 6 በመቶ ወርደዋል። በዚያው ዓመት የሥራ ሰዓታቸውም በአማካይ ቀንሶ ነበር።

እርዳታ ከመጠየቅ የሚያግዱ ነገሮች

ብዙ ሐኪሞች ለሌላ ሰው የሚያዝዙትን ሕክምና ለራሳቸው አይፈልጉም። ምክንያቱ የጊዜ እጥረት ብቻ አይደለም፤ የሥራ ፈቃዳቸውን እንዳያጡ ይፈራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ወደ 40 በመቶ የሚጠጉ ሐኪሞች ለፈቃዳቸው ሲሉ የአእምሮ ጤና ሕክምና ለመፈለግ እንደሚያመነቱ ተናግረዋል። በብዙ ግዛቶች የፈቃድ ማመልከቻው ያለፈ የአእምሮ ሕመም ታሪክን ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው አሁን ሥራን በሚያውክ ሕመም ላይ ብቻ እንዲወሰን የሚደረገው ጥረት በአንዳንድ ግዛቶች ተሳክቷል።

በኒው ዮርክ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ሎርና ብሪን በኮቪድ-19 የመጀመሪያ ማዕበል ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2020 ሕይወታቸውን ካጡ በኋላ ቤተሰባቸው ይህን ለማስለወጥ ተንቀሳቅሷል። በስማቸው የተሰየመው የጤና ባለሙያዎችን አእምሮ ጤና የሚደግፍ ሕግ በማርች 2022 ጸድቋል።

የዓለም የሕክምና ማኅበርም በ2017 የሐኪሞችን የጄኔቫ ቃል ኪዳን ሲያሻሽል፣ ሐኪሙ የላቀ ሕክምና ለመስጠት ሲል የራሱን ጤናና ደኅንነት እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ሐረግ ጨምሯል። ቃል ኪዳኑ በ1948 ሲወጣ ስለ ሐኪሙ ጤና የሚናገር ነገር አልነበረውም።

የሐኪም እጥረት ባለባቸው አገሮች

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች አብዛኞቹ የተደረጉት በሀብታም አገሮች ነው። ሐኪም በሚያንስባቸው አገሮች የዝለቱ መልክ ይለያል። በኢትዮጵያ የሐኪሞች ብዛት ለ10,000 ሰው አንድ ገደማ ነው። ተረኛው ሐኪም ቢዝልም የሚተካው ላይኖር ይችላል፤ የሰዓት ገደብ ቢወጣም የሰው ኃይል ሳይጨመር ማስከበር ያስቸግራል። ጫናው ከኮምፒውተር መዝገብ ይልቅ ከመድኃኒትና ከመሣሪያ እጦት፣ ከደመወዝ ማነስና ከኑሮ ውድነት ይመነጫል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ወቅት በትግራይ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ለወራት ያለ ደመወዝና ያለ በቂ መድኃኒት ሠርተዋል። በ2011 እና በ2017 ዓ.ም. በአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ባካሄዷቸው የሥራ ማቆም አድማዎችም ክፍያና የሥራ ሁኔታ ዋና ጥያቄዎች ነበሩ።

ሸክሙን ለማካፈል ከሚያገለግሉ መንገዶች አንዱ ሥራን ለሌሎች ባለሙያዎች ማከፋፈል ነው። ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀምራለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች በማስተርስ ደረጃ ሠልጥነው አስቸኳይ የቀዶ ሕክምናና የማዋለድ አገልግሎት የሚሰጡበት መርሐ ግብር ተከፍቷል። ዓላማቸው ሕክምናን ለገጠሩ ማዳረስ ቢሆንም፣ ወደ ሆስፒታል የሚጎርፈውን ታካሚ በመቀነስ ለሐኪሙም እፎይታ ይሰጣሉ።

ክርክሮች

ዝለት ከድባቴ የተለየ ክስተት ነው ወይስ የድባቴ ሌላ መልክ ነው የሚለው ጥያቄ በተመራማሪዎች ዘንድ አልተዘጋም። የመለኪያዎቹ መለያየትም አገርን ከአገር ለማነጻጸር እንቅፋት ሆኗል።

ሌላው ትችት የሚያተኩረው ሆስፒታሎች ችግሩን በሚይዙበት መንገድ ላይ ነው። የተራው ድልድልና የታካሚው ብዛት ሳይነካ የጽናት ሥልጠና ወይም የዮጋ ክፍለ ጊዜ ማዘጋጀት፣ ሐኪሙ በቂ ጽናት ስለሌለው ነው የዛለው የሚል መልእክት ያስተላልፋል ይላሉ ተቺዎች። እ.ኤ.አ. በ2014 ቶማስ ቦደንሃይመርና ክርስቲን ሲንስኪ የጤና ሥርዓት ሦስት ዓላማዎች በሚባሉት፣ ማለትም በተሻለ የታካሚ አገልግሎት፣ በሕዝብ ጤናና በወጪ ቅነሳ ላይ፣ የባለሙያዎች የሥራ ሕይወት መሻሻል አራተኛ ሆኖ እንዲታከል ሐሳብ አቅርበዋል። መነሻቸው ቀላል ነው፦ የዛለ ባለሙያ የቀሩትን ሦስቱን ማሳካት አይችልም።